ሶቪየቶች ቀድመው ቢያርፉ ኖሮ፦ ስለ «ፎር ኦል ማንካይንድ» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆኑትን ለይተን እንጽፋለን። የታሪኩን ፍጻሜ የሚያጋልጥ መልስ ላይ አስቀድመን ምልክት አድርገናል።

ድራማው ስለ ምንድን ነው?

የ«ቢሆን ኖሮ» ታሪክ ነው። ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው አሜሪካዊ ሳይሆን የሶቪየት ሰው ቢሆን ኖሮስ? ብሎ ይነሳል። በመጀመሪያው ክፍል፣ ጁን 26 ቀን 1969 (በእኛ ሰኔ 19 ቀን 1961)፣ አሌክሲ ሊዮኖቭ ጨረቃ ላይ ሲወርድ የናሳ ሰዎች እንደ ማንኛውም ተመልካች ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ያዩታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚያች ቀን መዘዝ ነው።

በእውነተኛው ታሪክ አሜሪካ ሩጫውን አሸንፋ፣ ሜዳሊያዋን አጥልቃ ወደ ቤቷ ገባች። በዲሴምበር 1972 ከሄደው ከአፖሎ 17 በኋላ ጨረቃን የረገጠ ሰው የለም። በድራማው ግን የተሸነፈው ሯጭ መሮጡን አላቆመም፤ ቀዳሚውም መቆም አልቻለም። ስለዚህ በ1970ዎቹ ጨረቃ ላይ ሰፈር ይሠራል፣ በ1990ዎቹ ወደ ማርስ ይሮጣል።

ፈጣሪዎቹ ሮናልድ ዲ. ሙር፣ ማት ዎልፐርት እና ቤን ኔዲቪ ናቸው። ስሙ የተወሰደው የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ትተውት ከመጡት የብረት ሰሌዳ ነው፤ ለሰው ልጅ ሁሉ በሰላም መጣን ከሚለው ጽሑፍ።

ታሪኩ ከእውነተኛው የሚገነጠለው በ1969 ነው?

አይደለም፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ይቀድማል። ሙር በቃለ መጠይቆች እንዳስረዳው መገንጠያው ጃንዋሪ 1966 ነው። የሶቪየት የጠፈር ሥራ ዋና ንድፍ አውጪ ሰርጌይ ኮሮልዮቭ በእውነተኛው ዓለም ጃንዋሪ 14 ቀን 1966 ሞስኮ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ላይ ሞተ፤ 59 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀኑ ነበር። በድራማው ዓለም ከቀዶ ሕክምናው ተርፎ ሥራውን ቀጠለ። ይህን ሳያውቁ መጀመሪያውን ክፍል የሚያዩ ሰዎች «ሶቪየቶች ከየት አምጥተው?» ብለው ግራ ይጋባሉ፤ ምክንያቱም ድራማው የሚያሳየው ውጤቱን እንጂ መንስኤውን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ለውጦች አንዱ ሌላውን እየገፋ የሚመጣ ነው። ለምሳሌ ሴናተር ቴድ ኬኔዲ በእውነተኛው ታሪክ በጁላይ 1969 ቻፓኩዊዲክ ላይ መኪናው ከድልድይ ወድቆ አብራው የነበረች ሴት ሞተች፣ የፕሬዚዳንትነት ተስፋውም እዚያው ተቀበረ። በድራማው በጨረቃው ሽንፈት ሳቢያ ዋሽንግተን ውስጥ ሥራ ስለበዛበት ወደ ግብዣው አልሄደም። በ1972 ፕሬዚዳንት ሆነ።

እውነት ሶቪየቶች መድረስ ይችሉ ነበር?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሳለን።

የሶቪየቱ የጨረቃ ሮኬት ኤን-1 ይባል ነበር። ቁመቱ 105 ሜትር፣ የአሜሪካው ሳተርን 5 ደግሞ 110.6 ሜትር። በመነሻ ግፊት ኤን-1 ይበልጥ ነበር፤ 4,600 ቶን ገደማ፣ የሳተርን 3,400 ቶን ገደማ። ወደ ምድር ምህዋር በሚያነሳው ጭነት ግን ተበልጧል፦ 95 ቶን ገደማ ከ140 ቶን ገደማ ጋር። ልዩነቱን ያመጡት የላይኞቹ የሮኬት ደረጃዎች (በየተራ ነደው የሚጣሉት ክፍሎች) ናቸው። አሜሪካኖቹ እዚያ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ሲያቃጥሉ ሶቪየቶቹ እስከ ላይ ድረስ በኬሮሲንና በፈሳሽ ኦክስጅን ነው የሄዱት። (ኬሮሲኑ ከምናውቀው ነጭ ጋዝ ጋር አንድ ዘር ነው፣ ማጣሪያው ይለያል።)

ችግሩ ከታች ነበር። የሳተርን የመጀመሪያ ደረጃ 5 ግዙፍ ሞተሮች ነበሩት፤ የኤን-1 ግን 30። ትልልቅ ሞተር ለመሥራት ከሚችለው ከቫለንቲን ግሉሽኮ ጋር ኮሮልዮቭ በነዳጅ ምርጫ ተጣላ። ግሉሽኮ ሲገናኙ በራሳቸው የሚቀጣጠሉትን መርዛማ ነዳጆች ፈለገ፣ ኮሮልዮቭ አሻፈረኝ አለ። ሥራው ኩይቢሼቭ ለነበረው ለኒኮላይ ኩዝኔትሶቭ ተሰጠ፤ እሱ ደግሞ የአውሮፕላን ሞተር ሰው ነበር። ትልቅ አንድ ከመሥራት ይልቅ ትናንሽ ብዙ መሥራት ቀለለው።

30 ሞተር መደርደር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ አለመፈተን ነበር። በቀደሙት ሞተሮች ላይ አንዳንድ ቫልቮች በትንሽ ባሩድ ፈንድተው የሚከፈቱ ስለነበሩ አንዴ የተተኮሰ ሞተር ዳግም አይተኮስም። ስለዚህ ከየስብስቡ ጥቂቶቹ ተወስደው ይፈተናሉ፣ የቀሩት ሳይፈተኑ ሮኬቱ ላይ ይገጠማሉ። በስንዴ ንግድ እንደሚደረገው ከጆንያው አንድ እፍኝ አይቶ ጆንያውን መግዛት ማለት ነው፤ ሞተር ግን ስንዴ አይደለም። ከዚህ የከፋው፣ 30ዎቹ ሞተሮች አንድ ላይ መሬት ላይ ታስረው የሚቃጠሉበት መፈተኛ ጭራሽ አልተሠራም፤ ገንዘብና ጊዜ ለመቆጠብ። አሜሪካኖቹ የሳተርንን የመጀመሪያ ደረጃ ሚሲሲፒ ውስጥ በመፈተኛ ማማ ላይ አስረው ካቃጠሉ በኋላ ነበር የሚልኩት።

ውጤቱ አራት ሙከራ፣ አራት ውድቀት ሆነ፦

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1969፦ በንዝረት ቧንቧ ተሰብሮ ከታች እሳት ተነሳ፤ ኮርድ የተባለው የሞተር ተቆጣጣሪ በ69ኛው ሴኮንድ ገደማ ሁሉንም አጠፋቸው።

ጁላይ 3 ቀን 1969፦ ገና ከመሬት ሲነሳ የአንዱ ሞተር የኦክስጅን ፓምፕ ፈነዳ፤ ኮርድ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ሞተሮች ዘጋ፣ ሮኬቱ ተመልሶ መነሻው ላይ ወደቀ። ከኒውክሌር ውጭ ከታዩት ትልልቅ ፍንዳታዎች አንዱ ነው። አፖሎ 11 የተነሳው ከዚህ 13 ቀን በኋላ ነበር።

ጁን 1971፦ ከ30ዎቹ ሞተሮች የሚወጣው ጋዝ ያልታሰበ አዙሪት ፈጠረ፤ ሮኬቱ በራሱ ዙሪያ መሽከርከር ጀመረና መሪው አልመልስ አለ።

ኖቬምበር 23 ቀን 1972፦ ከሁሉ የተሻለው። 107 ሴኮንድ በረረ። የመጀመሪያው ደረጃ ሥራውን ሊጨርስ 7 ሴኮንድ ያህል ሲቀረው ፈነዳ።

አምስተኛው ተዘጋጅቶ ሳለ በ1974 ግሉሽኮ የሥራው አለቃ ሆነና አስቆመው። የኮሮልዮቭን ሮኬት የዘጋው የድሮ ባላጋራው መሆኑን ልብ ይሏል። የተቆራረጠው ብረት ባይኮኑር ውስጥ ለጥላና ለመጋዘን ጣሪያ ዋለ። የተሻሻሉት ኤንኬ-33 ሞተሮች ግን መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ከ20 ዓመት በኋላ ለአሜሪካ ተሸጡ፤ በ2013 አንታሬስ የተባለውን ሮኬት አስነሱ። በኦክቶበር 2014 ደግሞ አንዱ አንታሬስ ከተነሳ በሴኮንዶች ውስጥ ፈነዳ።

ታዲያ ኮሮልዮቭ ቢኖር ይሳካ ነበር? ድራማው ለኮሮልዮቭ ያደላል ብለን እናምናለን። ኮሮልዮቭ ሰዎችን ማስታረቅና ከመንግሥት ገንዘብ ማውጣት ያውቅበት ነበር፤ ተተኪው ቫሲሊ ሚሺን ያ ጉልበት አልነበረውም። ነገር ግን ሮኬቱን ሳይፈትኑ የመላክ ውሳኔ ኮሮልዮቭ በሕይወት ሳለ የተወሰነ ነው። ሶቪየቶች ሰው ጨረቃ ላይ ለማውረድ በይፋ የወሰኑትም በኦገስት 1964 ነበር፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሰው ጨረቃ ላይ እናሳርፋለን ካለበት ንግግር ሦስት ዓመት ዘግይተው። በ1971 ወይም በ1972 ቢባል ያሳምናል። በጁን 1969 ግን ድራማው ለራሱ የፈቀደው ስጦታ ነው፤ እሱን ከተቀበሉለት የቀረው በሥርዓቱ ይሄዳል።

ሊዮኖቭ ለምን ብቻውን ወረደ?

ይህ ትክክል ነው። የሶቪየቱ ማረፊያ ኤልኬ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ክብደቱ 5.5 ቶን ገደማ፣ የአሜሪካው 15 ቶን ገደማ። ሁለተኛው ሰው ምህዋር ላይ ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል የውስጥ መተላለፊያ ስላልነበረ ጠፈርተኛው ልብሱን ለብሶ በውጭ በኩል ተሻግሮ ነበር መግባት ያለበት፤ ሲመለስም እንዲሁ። ለዚህ ነው ሊዮኖቭ የታጨው፤ በማርች 18 ቀን 1965 ከመንኮራኩር ወጥቶ ባዶ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያኔም ልብሱ ተነፋፍቶ አላስገባ ብሎት አየር እያስተነፈሰ ነው የገባው።

ኤልኬ ራሱ በ1970 እና 1971 ያለ ሰው ሦስት ጊዜ በምድር ምህዋር ተፈትኖ ጥሩ ሠርቷል። ማረፊያው ደኅና ነበር፤ የሚያደርሰው ጠፋ። ሊዮኖቭ የሞተው በኦክቶበር 11 ቀን 2019 ነው፤ ድራማው ሊጀምር ሦስት ሳምንት ሲቀረው።

ስንት ሲዝን አለው? ከመካከል መጀመር ይቻላል?

አይመከርም። በመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው 10፣ በድምሩ 40 ክፍሎች አሉ። የመጀመሪያው ኖቬምበር 1 ቀን 2019 ወጣ፤ ከ1969 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ይሄዳል። ሁለተኛው (2021) በ1983፣ ሦስተኛው (2022) ከ1992 ጀምሮ፣ አራተኛው (2023) በ2003 ይሆናል። በየሲዝኑ መካከል አሥር ዓመት ገደማ ይዘለላል። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ሽበት ብቻ ይጨመራል። ልጅ የነበረው ጠፈርተኛ ይሆናል፣ ቂሙም አብሮት ያድጋል፤ መካከል ላይ የገባ ሰው ቂሙ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ሁለት ነገር አይዝለሉ። አንደኛ፣ ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ በመክፈቻው ላይ የተዘለለውን አሥር ዓመት የሚያሳዩ የዜና ቁርጥራጮች አሉ። በፍጥነት ያልፋሉ፤ እያቆሙ ያንብቡ። ጆን ሌነን ከተኩሱ እንደተረፈ፣ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ግን እንደተገደሉ የሚነገረው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ሲዝን የመጨረሻ ክፍል የስም ዝርዝሩ ሲጀምር አያጥፉት፤ ከዝርዝሩ በኋላ ትዕይንት አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው። ሦስተኛውን ሳያዩ አይፍረዱ። ከአራቱ ምርጡ ሁለተኛው ሲዝን ነው። የሦስተኛው የቤተሰብ ጣጣ አንዳንዴ ወደ ተራ የፍቅር ድራማ ይወርዳል፤ ማርሱ ያካክሰዋል።

ከገጸ ባሕርያቱ እውነተኛው የትኛው ነው?

ዋናዎቹ ፈጠራ ናቸው፦ ኤድ ባልድዊን (ጆኤል ኪናማን)፣ ጎርዶና ትሬሲ ስቲቨንስ፣ ኢንጂነሯ ማርጎ ማዲሰን (ሬን ሽሚት)፣ ዳንየል ፑል (ክሪስ ማርሻል)፣ ኤለን፣ አሌይዳ። በአጠገባቸው ግን የነበሩ ሰዎች ይታያሉ፤ የጠፈርተኞች አለቃ ዲክ ስሌይተን፣ ቨርንሄር ፎን ብራውን፣ ኒል አርምስትሮንግ። ፕሬዚዳንቶቹ ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት በድሮ ፊልም ላይ ድምፃቸው ተቀይሮ ነው።

ኤድና ጎርዶ የበረሩበት አፖሎ 10 እውነተኛ ጉዞ ነው። በሜይ 1969 ቶም ስታፎርድ፣ ጆን ያንግና ዩጂን ሰርናን ሄደው፣ ሁለቱ ከጨረቃ ወለል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ ወርደው ሳያርፉ ተመለሱ። ለምን አላረፉም? ማረፊያቸው ለልምምድ የተዘጋጀ ስለነበር ወርዶ ተመልሶ ለመነሳት ክብደቱ አይፈቅድም ነበር። ድራማው ኤድን «ማረፍ እንችል ነበር» እያሰኘ የሚያስቆጨው እዚህች ላይ ትንሽ አጣሞ ነው።

ሴት ጠፈርተኞች በ1970ዎቹ፦ ይህስ መሠረት አለው?

አለው። ዶክተር ራንዶልፍ ላቭሌስ በ1960 እና 1961 ለወንዶቹ ጠፈርተኞች የተሰጠውን የጤና ምርመራ በግል ገንዘብ ለሴት አብራሪዎች ሰጠ፤ 13 ሴቶች አለፉ። የመጀመሪያዋ ጄሪ ኮብ ነበረች፤ የድራማዋ ሞሊ ኮብ ስሟን ያገኘችው ከእሷ ነው። በ1962 ጉዳዩ ኮንግረስ ፊት ቀረበና ከሸፈ። ናሳ የጄት ፈታኝ አብራሪነት ልምድ ጠየቀ፤ ያንን የሚያስተምሩት የጦር ኃይል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሴት አይቀበሉም ነበር። በሩን ቆልፎ «ለምን አልገባሽም?» እንደማለት ነው።

በእውነተኛው ዓለም ቫለንቲና ተሬሽኮቫ በ1963፣ ሳሊ ራይድ በ1983፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ሜይ ጄሚሰን በ1992 ነው የበረሩት። በድራማው ሁለተኛዋ የሶቪየት ጨረቃ ረጋጭ ሴት ስለሆነች ኒክሰን ተደናግጦ በአንድ ጊዜ ሴቶች ይመልመሉ ይላል። ፍትሕ በፉክክር በኩል ሲገባ ማሳየቱ ከድራማው ብልሃቶች አንዱ ነው።

ጨረቃ ላይ በረዶ አለ?

አለ፤ በድራማው ከሚገኝበት ብዙ ዓመት ዘግይቶ ነው የተረጋገጠው። ጄምስታውን የተባለው ሰፈር የተሠራው በደቡብ ዋልታ፣ ሻክልተን በተባለው ጎድጓዳ አፋፍ ላይ ነው። ቦታው እውነተኛ ነው፦ ስፋቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ። አፋፉ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ያገኛል፤ ወለሉ ግን ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በኦክቶበር 2009 ናሳ ከዚያ ብዙም በማይርቀው ካቤዩስ ውስጥ ባዶ የሮኬት ደረጃ አጋጭቶ ከተነሳው አቧራ ውስጥ ውሃ አገኘ።

ውሃ ለመጠጥ ብቻ አይደለም። በኤሌክትሪክ ሲሰነጠቅ ከ9 ኪሎ ውሃ 8 ኪሎ ኦክስጅንና 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ አንዱ ለመተንፈስ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ለሮኬት ነዳጅ። በድራማው ሁለቱ አገሮች በአንድ ጉድጓድ የሚናከሱት ለዚህ ነው።

ከባሕር ውስጥ የተነሳው ሮኬት ምንድን ነው?

ሲ ድራገን ይባላል፤ የድራማው ፈጠራ አይደለም። ሮበርት ትሩአክስ በ1962 ኤሮጄት ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የነደፈው ነው፦ ቁመቱ 150 ሜትር፣ ውፍረቱ 23 ሜትር፣ ወደ ምህዋር የሚያነሳው 550 ቶን። ሐሳቡ ሮኬቱን እንደ መርከብ በመርከብ ጋራዥ ከወፍራም ብረት ሠርቶ፣ ባሕር ላይ ጎትቶ፣ ከታች ውሃ የሞላ ታንከር አስሮ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማድረግና ከዚያው መተኮስ ነበር። ያን ያህል ጭነት የሚጠይቅ ሥራ ስላልነበረ ወረቀት ላይ ቀረ። በድራማው ግን የጨረቃ ሰፈር አለ፣ ጭነቱም አለ።

ጨረቃ ላይ ጠመንጃ ይተኮሳል?

ይተኮሳል። ባሩዱ የሚያቃጥለውን ኦክስጅን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ አየር አይፈልግም። የሚያስቸግረው ሙቀት ነው፤ አየር ስለሌለ ብረቱ ቶሎ አይበርድም፣ ተራ ቅባትም ይተናል። ሶቪየቶች ሳልዩት 3 በተባለው ጣቢያ ላይ መድፍ ገጥመው በ1975 በምህዋር ላይ ተኩሰዋል፣ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ።

(ፍጻሜ ያጋልጣል፦ ሁለተኛው ሲዝን) በፕላስተር ተጠቅልሎ ጨረቃ ላይ መሮጥ ይቻላል?

ለጥቂት ሴኮንድ፣ አዎ። ባዶ ጠፈር ላይ ሰው ወዲያው አይፈነዳም፣ ወዲያውም አይበርድም። ደም ኦክስጅኑን እያጣ አንጎል ሲደርስ ራስን መሳት ይመጣል፤ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ። በ1966 ሂዩስተን ውስጥ በፍተሻ ክፍል ውስጥ የአንድ ቴክኒሻን የልብስ ቱቦ ተነቅሎ በ14 ሴኮንድ ገደማ ራሱን ሳተ፤ አየር ቶሎ ስለተመለሰለት ተረፈ። በመጨረሻ የሚያስታውሰው ምላሱ ላይ ምራቁ ሲፈላ ነው።

ፕላስተሩ ቀልድ አይደለም። ሰውነትን አጥብቆ መያዝ እብጠትን ይቀንሳል፤ በአየር ግፊት ፈንታ በጠባብ ጨርቅ የሚያጠብቅ የጠፈር ልብስ በእርግጥ ተሞክሯል። ፕላስተር የማይሠራው ሳንባ ላይ ነው። ትንፋሽን መያዝ ሳንባን ይቀድዳል፣ ስለዚህ አየሩን አስወጥቶ መሮጥ ግዴታ ነው። አየር ከወጣ ደግሞ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ጎርዶና ትሬሲ የከፈሉት ዋጋ ከሳይንሱ ጋር አይጣላም።

(ሦስተኛው ሲዝን፣ መጀመሪያው ክፍል) የሚሽከረከረው ሆቴል ለምን ሰዎችን ጨፈለቀ?

ሽክርክሪት የሚፈጥረው ክብደት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። በራሳችን ቁጥር እንይ፦ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 50 ሜትር የሆነ ጣቢያ የምድርን ክብደት ለመስጠት በደቂቃ 4.2 ጊዜ ገደማ መዞር አለበት። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 280 ኪሎ የተሸከመ ያህል ይሰማዋል። በድራማው አንድ ትንሽ ገፊ ሞተር አልዘጋ ብሎ ቀረ። ትንሽ ግፊት፣ ግን የሚያስቆመው ሰበቃ የለም፤ ስለዚህ ይጠራቀማል። ማምለጫው ወደ መሃል መውጣት ነው፣ እዚያ ክብደት የለም፤ ግን በአራት እጥፍ ክብደት ማን መሰላል ይወጣል?

ናሳ፣ ሶቪየቶችና የግሉ ኩባንያ ሦስቱም ለምን በ1994 ወደ ማርስ ሮጡ?

መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ። ምድርና ማርስ ለጉዞ የሚመች አቀማመጥ ላይ የሚገናኙት በየ780 ቀኑ ገደማ፣ ማለትም በየ26 ወሩ ነው። 1992 ካለፈ 1994፣ እሱ ካለፈ 1996። የግሉ ኩባንያ ሄሊዮስ 1994 ሲል የ1996 ዕቅድ የያዙት ናሳና ሶቪየቶች ምርጫ አጡ። አንድ ዓመት ብቻ ማፍጠን የሚባል ነገር የለም።

በኒውክሌር ሞተር መሄዱም እውነተኛ ሥር አለው። አሜሪካ ኔርቫ የተባለውን ሞተር ኔቫዳ በረሃ ላይ ስትፈትን ቆይታ በጃንዋሪ 1973 አቆመችው። ከአንድ ኪሎ ነዳጅ የሚያወጣው ግፊት ከምርጡ የኬሚካል ሞተር እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። አደጋው የሚነዳው ሃይድሮጅን ራሱ ማቀዝቀዣም መሆኑ ነው፤ ፍሰቱ ከቀነሰ ሪአክተሩ ራሱን ያቀልጣል። በመጀመሪያዎቹ ፍተሻዎች የሃይድሮጅኑ ፍሰት የፈጠረው ንዝረት የነዳጅ ዘንጎቹን ሰባብሯቸው ነበር።

ድራማው የሚሳሳተው የት ነው?

ንግግር ላይ። በሬዲዮ የተላከ ድምፅ ከምድር ጨረቃ ለመድረስ 1.3 ሴኮንድ ይወስዳል፤ መልስ ለመስማት 2.6። ሂዩስተንና ጄምስታውን ግን እንደ ጎረቤት ይነታረካሉ። ሰፈሩ ውስጥ ሰዎች የሚራመዱትም ክብደታቸው አንድ ስድስተኛ እንደሆነ ሰው አይደለም፤ ሁሉንም በገመድ አንጠልጥሎ መቅረጽ ዋጋው አይቻልም። የቀረው ግን የተጠነቀቀ ነው፤ የቀድሞው የናሳ ጠፈርተኛ ጋሬት ሪስማን የቴክኒክ አማካሪያቸው ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ የት ነበርን?

በድራማው የለንም። በእውነተኛው ሩጫ ግን አንድ ቦታ አለ። አስመራ ያኔ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ሳለች፣ በቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ስቶንሃውስ የተባለ የስለላ ጣቢያ ነበር። 26 እና 46 ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት ሳህኖች ከ1965 እስከ 1975 የሶቪየት የጨረቃና የፕላኔት መንኮራኩሮች ወደ አገራቸው የሚልኩትን መልእክት ይጠልፍ ነበር። አስመራ የተመረጠችው ከፍታዋ ብቻ ታይቶ አይደለም፤ በኬንትሮስ ክራይሚያ ካለው የሶቪየት መቀበያ ጋር ትቀራረባለች። መንኮራኩሩ ለክራይሚያ ሲናገር ለአስመራም ይሰማል።

አፖሎ 11 ያረፈው በእኛ ሐምሌ 13 ቀን 1961፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነበር። አርምስትሮንግ የወረደው ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ሊሆን 4 ደቂቃ ሲቀረው።

የት ይታያል? ለልጆችስ?

በአፕል ቲቪ፣ ከኦክቶበር 2025 በፊት አፕል ቲቪ ፕላስ ይባል በነበረው። ኢንተርኔት በመጠን ለሚገዛ ሰው፦ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት የሚፈስ ምስል በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል፤ 40 ክፍል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ 90 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ዋይፋይ ባለበት በመተግበሪያው አውርዶ ማየት ይሻላል። ደረጃው ለአዋቂዎች ነው፤ ስድብ፣ ሞትና የአልጋ ትዕይንት አለው።

«ስታር ሲቲ» የሚባለው ሌላ ድራማ ነው?

በ2024 የታወጀ፣ ከዚሁ የተገነጠለ ድራማ ነው፤ ያንኑ ሩጫ ከሶቪየቶቹ ወገን ይዞ ይነሳል። ስሙ የተወሰደው ሞስኮ አጠገብ ካለችው፣ ጠፈርተኞች ከሚሠለጥኑባት ከተማ ነው። ዋናውን ሰው ሪስ ኢቫንስ ይጫወታል፤ ገጸ ባሕርዩ የሚጠራው «ዋና ንድፍ አውጪ» ተብሎ ነው። ኮሮልዮቭም በሕይወት ሳለ በአደባባይ የሚጠራው እንዲሁ ነበር፤ ስሙ የመንግሥት ምሥጢር ስለነበረ ሕዝቡ ያወቀው ሲሞት ነው።